ድሬዳዋ ላይ የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር እንዴት ይስተካከላል? ጭሱም ከደንብ እንዳይወጣ

ሞተር ሳይክል ጥቁር ጭስ መትፋት ሲጀምር ሁሉም ካቻቢቴ ይዞ ቤንዚንን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተሩ ወደሚሰጠው ካርቡሬተር ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው ፊልትሮው (የአየር ማጣሪያው) ነው። የድሬ አቧራ ፊልትሮውን ሲደፍነው አየር ያጥራል፣ ቤንዚን ይበዛል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ያኔ የካርቡሬተሩን ቪቴ (ብሎን) ማዞር በሽታውን መደበቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፊልትሮውን ያውጡ። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በውሃ አጥበው ያድርቁት፤ ጥቂት የሞተር ዘይት አስነክተው ጨምቀው ይመልሱት። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፣ ይቀየራል። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ አለመሰንጠቁንም ይዩ፤ በዚያ አየር ከገባ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጡት በምንም አይረጋም። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ካርቡሬተሩን ተዉትና ሞተሩን ያስመርምሩ።

አሁን ወደ ቪቴዎቹ። አንዱ የሚኒሞ ነው፤ ጋዝ ሳይሰጡ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት ይወስናል። ትንሿ የአየርና የቤንዚን ቅልቅል ቪቴ ናት፤ ሰው የሚሳሳተውም እሷ ላይ ነው። ካርቡሬተሩ ላይ ወደ ሞተሩ በኩል ካለች የምትቆጣጠረው ቤንዚን ስለሆነ ስትጠብቅ ቤንዚን ይቀንሳል። ወደ ፊልትሮው በኩል ካለች ግን የአየር ናት፤ ስትጠብቅ አየር ቀንሶ ቤንዚኑ ይበዛል። በክዳን ከታሸገች ፋብሪካው የጭሱን ልክ ወስኖ የዘጋት ናትና አይስበሯት። ካርቡሬተር በሌለው ኢንጀክሽን ሞተር ላይ ይህች ቪቴ ጨርሶ የለችም።

ከመንካትዎ በፊት ቪቴዋን በቀስታ እያጠበቁ እስክትቆም ስንት ዙር እንደሄደች ይቁጠሩና ይጻፉ። አያስገድዷት፤ ሹል ጫፏ መቀመጫዋን ያበላሻል። ከዚያ ወደነበረችበት ይመልሷት።

ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል ነድተው ያሙቁት፤ በቀዝቃዛ ሞተር የተስተካከለ ሲሞቅ ይዛባል። ደጅ ላይ ያቁሙ እንጂ በተዘጋ ግቢ ወይም ጋራዥ ውስጥ አይሥሩ፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አድርገው የቅልቅሏን ቪቴ በሩብ ሩብ ዙር ያጥብቁ። ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ያቁሙና ወደ ሌላው አቅጣጫ እንደገና እስኪንገዳገድ ያላሉ። በሁለቱ መካከል ድምፁ ከፍና እኩል የሚልበት ቦታ አለ፤ እሱን ይያዙ። ከዚያ ሚኒሞውን ዝቅ ያድርጉ። ለአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,500 ዙር ይበቃል።

ጭሱን የሚያስቡ ከሆነ ከዚያ ነጥብ ቤንዚን ወደሚቀንስበት በኩል ሩብ ዙር እንኳ የማይሞላ ያዙሯት። 1 ኪሎ ቤንዚን ሙሉ ለሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቤንዚን ከዚህ ሲበልጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይጨምራል። “ኃይል እንዲኖረው” እያሉ ቤንዚን ማብዛት እኔን አያሳምነኝም፤ ካንዴላ (እሳት የሚጭረውን) ያጠቁራል፣ ነዳጅ ይጨርሳል። ለቦሎ ምርመራ ብሎ ከልክ በላይ መቀነስም አያዋጣም፤ ሞተሩ እየሳተ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ያስወጣል፣ ከሚገባው በላይም ይግላል። ጋዙን ድንገት ሲለቁ ማርሚታው ከተንጣጣ ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው።

ጥቂት ነድተው ካንዴላውን ይፍቱ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭነት ማነሱን ይናገራል። ነገር ግን ቪቴዋ የምትገዛው ሚኒሞንና ትንሽ ጋዝን ነው። ጭሱ በሙሉ ጋዝ ብቻ የሚጠቁር ከሆነ ውስጥ ያለችው ዋና የቤንዚን ማሳለፊያ በትልቅ ተቀይራ ሊሆን ይችላል፤ የፋብሪካውን መጠን ያስመልሱ።

ሐረር ለሚመላለሱ፦ ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመንገዱ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ጥቂት ይበዛል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ለአንድ ቀን ጉዞ ቪቴዋን አይንኩ። ከርመው የሚመለሱ ከሆነ ግን እዚያው ያስተካክሉ፤ የሁለቱንም ከተማ የዙር ቁጥር ጽፈው መቀመጫው ሥር ይለጥፉ።