ለሲ1 የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

በእንግሊዝኛ ፊልም ማየትም ሆነ ዜና መከታተል የማይከብዳቸው ብዙ ተፈታኞች በከፍተኛ ደረጃ የማዳመጥ ፈተና ላይ የሚያገኙት ውጤት ከጠበቁት በታች ይሆናል፤ ከዚያም ያነሳቸው የማዳመጥ ብዛት ስለሚመስላቸው ሰዓቱን ይጨምራሉ። ሰዓቱ እየጨመረ ውጤቱ ካልተንቀሳቀሰ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። በእኔ አስተያየት የዝግጅቱ ዋና ሥራ እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ በምን ምክንያት እንደተሳሳተ ለይቶ ማወቅና ልምምዱን ለዚያ ምክንያት በሚስማማ መንገድ መምራት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ በካምብሪጅ ሲ1 አድቫንስድ ፈተና ላይ (ሲ1 በአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከስድስቱ ደረጃዎች ከላይ ሁለተኛው ነው) የተመሠረተ ቢሆንም፣ አብዛኛው ምክር ለተመሳሳይ ፈተናዎችም ያገለግላል።

ይህ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ ሲሆን፣ የማዳመጥ ክፍሉ 40 ደቂቃ ያህል የሚወስድና በአራት ክፍሎች የተከፈሉ 30 ጥያቄዎች ያሉት ነው። እያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ አንድ ነጥብ ያስገኛል፤ ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም። ማንኛውም ንግግር ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ በዚህም አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያሰማውና 40 ጥያቄዎች ካሉት አይኤልትስ ከተባለው ሌላ የእንግሊዝኛ ፈተና ይለያል። የማዳመጥ ውጤት ከጠቅላላው ፈተና 20 በመቶ ይይዛል፤ አጠቃላይ ውጤቱም የማንበብ፣ የሰዋስውና የቃላት አጠቃቀም፣ የመጻፍ፣ የማዳመጥና የመናገር ውጤቶች አማካይ ስለሆነ በአንዱ የታየ ድክመት በሌላው ሊካካስ ይችላል። የሲ1 ደረጃ የሚጀምረው በካምብሪጅ መለኪያ ከ180 ሲሆን፣ ለልምምድ ፈተናዎች በወጣው የማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ይህ ከ30 ጥያቄዎች 18ቱን ከመመለስ ጋር ይስተካከላል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለመዘናጋት ሳይሆን፣ አንድ ጥያቄ ያመለጠው ተፈታኝ ቀጣዮቹን ሦስት በድንጋጤ እንዳያጣ ነው።

ዝግጅቱን ለመጀመር አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና ሳያቋርጡ ይሥሩ። ካምብሪጅ በድረ ገጹ የናሙና ፈተናዎችን ከድምፃቸውና ከንግግሩ ጽሑፍ ጋር በነጻ ያቀርባል። መልስዎን ካረሙ በኋላ ወዲያው ወደ ሁለተኛ ፈተና አይለፉ፤ የተሳሳቱባቸውን ጥያቄዎች ብቻ ይዘው መልሱ ያለበትን ቦታ በድጋሚ ያዳምጡና በመጨረሻ ከጽሑፉ ጋር ያስተያዩ። ያን ጊዜ ስህተቱ ከአራት ምክንያቶች ከአንዱ የመነጨ ሆኖ ያገኙታል። ቃሉን ሲያነቡት የሚያውቁት ሆኖ ሳለ ሲነገር ሳይለዩት ቀርተው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቃሉን ከነጭራሹ አያውቁት ይሆናል፤ ወይም ሁሉንም ቃል ሰምተው የተናጋሪው አቋም አምልጦዎታል፤ አለበለዚያም ስለ ቀደመው ጥያቄ ሲያስቡ ንግግሩ ጥሎዎት ሄዷል። ከእያንዳንዱ ስህተት አጠገብ ምክንያቱን በአጭሩ ይጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት ፈተና በዚህ መንገድ ሲመረመር የትኛው ምክንያት እንደሚበዛ ይታያል፤ የሚያስፈልገው ልምምድም የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው ምክንያት የመጀመሪያው ነው። በእንግሊዝኛ ንግግር ትርጉም የተሸከሙት ቃላት ጎላ ብለው ሲነገሩ በመካከላቸው ያሉት ይጨመቃሉ፤ በአማርኛ ግን እያንዳንዱ ክፍለ ቃል በአንጻሩ ተመጣጣኝ ቦታ ስለሚያገኝ ጆሯችን ሁሉም ድምፅ እንዲሰማ ይጠብቃል። ስለዚህ «ሹድ ሃቭ» ብለን ያጠናነው ሐረግ «ሹደቭ» ሆኖ ሲመጣ፣ «ኔክስት ዴይ» ደግሞ መካከሉ ላይ ያለው «ት» ጠፍቶ «ኔክስ ዴይ» ሲባል አዲስ ቃል የሰማን ይመስለናል። ከሁሉም የሚያስቸግረው አሉታው ሲጠፋ ነው፤ «ካንት» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለው «ት» ከሚቀጥለው ድምፅ ጋር ተውጦ ብዙ ጊዜ አይሰማም። በብሪታንያ አነጋገር ልዩነቱን የሚያሳውቀው አናባቢው ነው፤ አዎንታዊው አጥሮ «ከን» ሲሆን አሉታዊው ረዝሞ «ካን» ይላል። ይህን ያልለመደ ጆሮ ተናጋሪው «አልችልም» ሲል «እችላለሁ» ብሎ ይወስዳል፤ የፈተናው አሳሳች አማራጭም እዚያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ድክመት ከቃል ጽሕፈት የተሻለ መድኃኒት አላውቅም፤ አሰልቺ መሆኑን ግን አልክድም። ከውይይት ወይም ከቃለ መጠይቅ 30 ሰከንድ ያህል ይውሰዱ፤ መጀመሪያ ሙሉውን ሰምተው ሐሳቡን ይረዱ። ከዚያም በአንድ ትንፋሽ በሚነገር ሐረግ ልክ እያቆሙ የሰሙትን ሁሉ ይጻፉ። በየቃሉ ማቆም ልምምዱን ያበላሸዋል፤ ቃላቱ እርስ በርስ የሚዋዋጡት በሐረጉ ውስጥ ነውና። መስማት ያልቻሉትን ቦታ ባዶ ይተዉት እንጂ በግምት አይሙሉት። ከጽሑፉ ጋር ሲያስተያዩ የጎደለው ቃል ምን እንደነበረና ሲነገር ምን መስሎ እንደተሰማ ያስምሩበት፤ ከዚያ ጽሑፉን ዘግተው ያንኑ ክፍል ቃሉ በግልጽ እስኪሰማዎት ድረስ ደጋግመው ያዳምጡ፤ በመጨረሻም ተናጋሪውን በፍጥነቱና በዜማው ተከትለው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይበሉት። ይህን በየዕለቱ ለሩብ ሰዓት የሚያደርግ ሰው፣ ሌላ ሥራ እየሠራ ለሁለት ሰዓት ፖድካስት ከሚከፍት ሰው ይልቅ ይሻሻላል ብዬ አምናለሁ። የድምፁን ፍጥነት መቀነስ ግን ልማድ እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ በፈተናው ክፍል ፍጥነቱን የሚቀንስልዎት የለም።

ያልታወቁ ቃላትን በተመለከተ የሚባለው አጭር ነው። ለዚህ ፈተና ብርቅዬ ቃላትን ከመሸምደድ ይልቅ ስሜትንና አመለካከትን የሚገልጹትን በደንብ መለየት ይጠቅማል፤ ጥያቄዎቹ ተናጋሪው መጸጸቱን፣ መጠራጠሩን፣ መበሳጨቱን፣ መገረሙን ወይም እፎይ ማለቱን የሚጠይቁ ስለሆኑ በእነዚህ መካከል ያለውን ልዩነት በእርግጠኝነት ማወቅ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ቃሉን ሰምቶ አቋሙን መሳት፣ ይህን ደረጃ ከዝቅተኞቹ የሚለየው ዋና ነገር ስለሆነ ሰፋ ያለ ትኩረት ይገባዋል። በዚህ ፈተና በወረቀቱ ላይ የታተመው ቃል በንግግሩ ውስጥ እንዳለ ሲሰማ ሊያስጠነቅቅዎት እንጂ ሊያስደስትዎት አይገባም፤ ትክክለኛው አማራጭ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ አነጋገር ተለውጦ ይቀርባል፤ የተሳሳቱት አማራጮች ደግሞ ከንግግሩ በተወሰዱ ቃላት ይሠራሉ። አንዲት ተናጋሪ ስለ አዲሱ ሥራዋ ስትናገር ደመወዙ ጥሩ መሆኑን፣ ባልደረቦቿም ደጎች መሆናቸውን ከጠቀሰች በኋላ፣ ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ሥራውን እንደማትለቅ፣ ምክንያቱም ማንም በየደቂቃው እየመጣ ምን እየሠራሽ ነው እንደማይላት ትናገራለች እንበል። ጥያቄው በሥራዋ ከሁሉ የሚያስደስታት ምን እንደሆነ ቢጠይቅ መልሱ በነጻነት መሥራቷ ነው፤ «ነጻነት» የሚለው ቃል ግን ከአፏ አልወጣም፤ ደመወዝና ባልደረባ የሚሉት ግን ወጥተዋል። ሐሳቡ የሚዞርበትን ቦታ የሚያሳዩ እንደ «አክችዋሊ»፣ «ማይንድ ዩ»፣ «ዛት ሴድ» ያሉ ማያያዣዎች ሲሰሙ ጆሮዎን ያቁሙ፤ ከእነርሱ በፊት የተባለው በኋላ በሚመጣው ይሻራል ወይም ይለዝባል።

ይህን ለመለማመድ የምመርጠው መንገድ አማራጮቹን በወረቀት ሸፍኖ የጥያቄውን ግንድ (ከአማራጮቹ በላይ ያለውን ጥያቄ) ብቻ አንብቦ ማዳመጥ ነው። መልሱን በራስዎ ቃል ከጻፉ በኋላ ወረቀቱን አንስተው የሚመሳሰለውን ይፈልጉ። ከዚያም ከጽሑፉ ላይ ትክክለኛውን መልስ የሚደግፈውን ዐረፍተ ነገር፣ እንዲሁም እያንዳንዱን የተሳሳተ አማራጭ ውድቅ የሚያደርገውን ቦታ ያስምሩ። አንድን አማራጭ ለምን እንደጣሉት ከጽሑፉ ማስረዳት ካልቻሉ፣ መልስዎ ትክክል ቢሆንም እንኳ እንደ ስህተት ቆጥረው ይመርምሩት።

ወደ ክፍሎቹ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው እርስ በርስ የማይገናኙ ሦስት አጫጭር ንግግሮችን ይዟል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ባለ ሦስት ምርጫ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። እዚህ ሁለቱ ተናጋሪዎች በምን እንደሚስማሙ የሚጠይቅ ጥያቄ ከመጣ፣ አንደኛው ያለውን ብቻ ሰምቶ መልስ መምረጥ የተለመደ ስህተት ነው። ሁለተኛው ተናጋሪ መስማማቱን በቃል ላይናገር፣ በሳቅ ወይም ምሳሌ በመጨመር ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

በሁለተኛው ክፍል አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር እየሰሙ ስምንት ባዶ ቦታዎችን ይሞላሉ። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት በሚሰጠው 45 ሰከንድ ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ የሚስማማው ስም ነው ወይስ ቅጽል፣ ነጠላ ነው ወይስ ብዙ የሚለውን ይገምቱ። የሚጻፈው ቃል በንግግሩ ውስጥ እንዳለ የሚሰማ ስለሆነ ቅርጹን መለወጥ አያስፈልግም፤ ከሦስት ቃል በላይ ከጻፉ ከመጠን በላይ መውሰድዎን ይጠርጥሩ። ተናጋሪው ለአንድ ባዶ ቦታ የሚመጥኑ ሁለትና ሦስት ቃላት ሊያነሳ ይችላል። ስለ ሌሊት ወፎች የምትናገር ተመራማሪ በመጠናቸው ትገረማለች ብለው ብዙዎች እንደሚገምቱ፣ ድምፃቸውንም አስቀድማ ታውቀው እንደነበር ገልጻ፣ ያልጠበቀችው የማስታወስ ችሎታቸውን እንደሆነ ብትናገር፣ መጻፍ ያለበት የመጨረሻው ብቻ ነው። የፊደል አጻጻፍ ስህተት ነጥብ ያሳጣል።

ሦስተኛው ክፍል ባለ አራት ምርጫ ስድስት ጥያቄዎች ያሉት ቃለ መጠይቅ ወይም ውይይት ነው። ጥያቄዎቹ የንግግሩን ቅደም ተከተል ይከተላሉ፤ ስለዚህ ጠያቂው አዲስ ጥያቄ ሲያነሳ እርስዎም ወደሚቀጥለው ይሻገሩ፤ ያለፈውን በሁለተኛው ማዳመጥ ይመለሱበታል። ንግግር ጥሎዎት የመሄድ ችግር ካለብዎ መልመጃው ይኸው ነው።

አራተኛው ክፍል በጣም የሚፈራው ነው፤ ፍርሃቱም ያለምክንያት አይደለም። አምስት ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ አጭር አጭር ንግግር ያደርጋሉ፤ እርስዎም ሁለት ተግባራትን አጣምረው ይሠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ተግባር ከስምንት አማራጮች አምስቱን ይመርጣሉ፤ ሦስቱ ትርፍ ናቸው። አንዳንዶች በመጀመሪያው ማዳመጥ አንደኛውን፣ በሁለተኛው ደግሞ ሌላኛውን ተግባር መሥራትን ይመክራሉ። እኔ ይህን አልመርጥም፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ተግባር የተሰጠውን ሁለተኛ ዕድል ያስጥላል። በመጀመሪያው ጊዜ ከሁለቱም ተግባራት እርግጠኛ የሆኑበትን ሁሉ ምልክት ያድርጉ፤ ለሚጠራጠሩበት ሁለት እጩ ፊደላት ይጻፉ፤ በሁለተኛው ጊዜ በእጩዎቹ መካከል ይፍረዱ። የሁለተኛው ተግባር መልስ ከመጀመሪያው ቀድሞ ሊነገር እንደሚችል አይርሱ።

ለልምምድ የሚመረጠውን ቁሳቁስ በተመለከተ፣ ዜና ከጽሑፍ የሚነበብና ጥርት ያለ ስለሆነ ለዚህ ደረጃ ብቻውን አይበቃም። ሰዎች የሚያመነቱበት፣ ራሳቸውን የሚያርሙበትና በትሕትና የሚቃረኑበት የሬዲዮ ውይይት ለሦስተኛው ክፍል ይቀርባል፤ በኢንተርኔት የሚቀርቡት የቴድ (TED) ንግግሮች ከነጽሑፋቸው ስለሚገኙ ለሁለተኛው ክፍል ይመቻሉ። የብሪታንያን ብቻ ሳይሆን የሌሎች አገሮችንም አነጋገር ያፈራርቁ። ከፈተናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ግን ወደ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ይመለሱ፤ ድምፁን ሳያቆሙና ሳይመልሱ፣ ከተቻለም ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት ይሥሯቸው።

በፈተናው ዕለት በመግቢያው ላይ ድምፁ በደንብ ካልተሰማዎት ወዲያው እጅዎን ያውጡ፤ ንግግሩ ከተጀመረ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ፈተናው በወረቀት ከሆነ በመጨረሻ መልስ የሚገለብጡበት 5 ደቂቃ ይሰጣል። በእርሳስ ይገልብጡ፤ የሁለተኛውን ክፍል መልሶች በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ በየአምስት ጥያቄው የወረቀቱ ቁጥርና የመልሱ ቁጥር መገጣጠማቸውን ያረጋግጡ። አንድ መስመር ቢዘለል ተከታዮቹ ሁሉ ይሳሳታሉ። የሚተርፈውን ደቂቃ ለፊደል አጻጻፍና ለብዙ ቁጥር መጨረሻዎች ያውሉት፤ ባዶ የቀረ ጥያቄ ካለም በግምት ይሙሉት።