የማይታየውን ቱቦ ቦታ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ ላለ ተማሪ በመስታወት ብርሃን የሚቀበል ማይክሮስኮፕ ለዚህ ሥራ ይበቃዋል። የምንፈልገው የእንቁራሪት ጡንቻ ውስጥ ያለውን የቱቦ መረብ፣ ማለትም ቲ ቱቦ የሚባለውን ነው። ቱቦው ውፍረቱ 40 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖ ሜትር ያነሰውን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ቱቦውን ራሱን አናየውም። የት እንዳለ ግን በትክክል ማመልከት እንችላለን፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

ቱቦው ለምን አስፈለገ? የእንቁራሪት አንድ የጡንቻ ክር እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል። «ተኮማተር» የሚለው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚጓዘው በክሩ ላይኛ ሽፋን ላይ ነው። የጡንቻ ተመራማሪው ኤ. ቪ. ሂል በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ባሳተመው ስሌት፣ አንድ ንጥረ ነገር ከሽፋኑ ተነሥቶ በራሱ እየተሰራጨ መሃል እስኪደርስ ቢጠበቅ ጡንቻው እንደሚያደርገው ቶሎ ሊኮማተር እንደማይችል አሳየ። እንግዲህ ወደ ውስጥ የሚያደርስ መንገድ መኖር አለበት።

1. ናሙናውን ከሥጋ ቤት ውሰዱ። በክረምት በሱሉልታ ሜዳ የሚጮኹትን እንቁራሪቶች አትንኩ፤ በሌላ አገር የማይገኙ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎች ያሉን እኛው ጋ ነው። በዚህ ማጉያ የሚታየው መዋቅር በበሬ ሥጋም አለ። ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ይበቃል። ረቡዕ፣ ዓርብና በጾም ወራት ሥጋ ቤቱ ሊዘጋ ስለሚችል ቀኑን አስቀድማችሁ ምረጡ። ሥጋውን በ70 በመቶ አልኮል ውስጥ አሳድሩት፤ ክሮቹ በቀላሉ ይለያያሉ።

2. ክሮቹን ለዩ። በ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው አሟሙ። ከዚህ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጉና የሩዝ ፍሬ ግማሽ የምታህል ሥጋ ጨምሩበት። በሁለት የስፌት መርፌ፣ በርዝመቱ አቅጣጫ ብቻ፣ ታግሣችሁ ዘርዝሩት። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ጠብታው ውስጥ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ቀጭን ክር እስኪቀር ቀጥሉ። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ማቅለሚያ ካለ ጥቂት ጨምራችሁ በቀጭኑ መሸፈኛ መስታወት ክደኑት።

3. ተመልከቱ። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ብርሃን ጥሩ ነው። መስታወቱን ወደ ሰማይ አዙሩ እንጂ በፍጹም ወደ ፀሐይ አታዙሩት፤ ዓይን ያጠፋል። ከትንሹ ማጉያ ጀምራችሁ ወደ 40 እጥፉ ሂዱ። ከዚያ የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ አጥብቡት። ምስሉ ይጨልማል፣ ግን ክሩን የሚያቋርጡ ጥቁርና ነጣ ያሉ መስመሮች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ።

4. ቦታውን አመልክቱ። ያያችሁትን በወረቀት ሣሉ። በእያንዳንዱ ነጣ ያለ መስመር መሃል ዜድ መስመር ይባላል፤ እንቁራሪት ላይ ቱቦዎቹ ክሩን የሚያቋርጡት ልክ እዚያ ነው። አንድሩ ሃክስሊና ባልደረባው ቴይለር በ1950ዎቹ የእንቁራሪት ክርን ሽፋን እጅግ ቀጭን ጫፍ ባለው የመስታወት ቱቦ እየነኩ ደካማ ኤሌክትሪክ ሰጡት። ጥቁሩ መስመር ላይ ሲሆን ምንም የለም፤ ዜድ መስመር ላይ ባሉ የተወሰኑ ነጥቦች ሲሆን ግን ክሩ እዚያው ብቻ ወደ ውስጥ ተኮማተረ። እነሱም ቱቦውን አላዩትም ነበር! በዚያው ዘመን፣ በ1957፣ ፖርተርና ፓላዴ የእንቁራሪት ዘመድ የሆነውን የሳላማንደር እጭ ጡንቻ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው፣ ሦስት አካላት ጎን ለጎን ተደርድረው የሚታዩበትን ትራያድ ገለጹ፦ መሃል ቀጭኑ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት። መሃለኛው ቲ ቱቦ ነው፤ ከረጢቶቹ ካልሲየም ያከማቻሉ፣ ትእዛዙ ሲደርስ ይለቁታል።

5. የጡንቻውን ሞዴል በ100,000 እጥፍ አጉልታችሁ ሥሩ። በዚህ ልኬት 1 ማይክሮ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውፍረቱ በጡንቻው ክር ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ዘንጎች የአንዱ፣ ማለትም የማዮፋይብሪል ያህል ነው። አናቱንና ቂጡን ቆርጣችሁ 22 ሴንቲ ሜትር አስቀሩ፤ ይህ ከአንድ ዜድ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሙ፤ ሌሎች ጥንዶችም አጠገባቸው አሰልፉ። መጋጠሚያው ላይ ከፋርማሲ የተገዛ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ በሁሉም ዙሪያ አዙሩ፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለልኬቱ ይስማማል። ከቱቦው ግራና ቀኝ የተነፋ ፌስታል እሰሩ፤ በመሃላቸው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት የሚይዝ የካርቶን ቁራጭ አድርጉ። የጠርሙሱን መሃል በሽንኩርት መረብ ከረጢት አልብሱት፤ የእንቁራሪት ከረጢት እዚያ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ነውና። ሙሉው ክር በዚህ ልኬት 10 ሜትር ይሰፋል፤ ከመማሪያ ክፍላችሁ ግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደ ማለት ነው።

የቱቦውን አንድ ጫፍ ወደ ውጭ ክፍት ተዉትና ቀለም ያለው ውሃ አስገቡበት። በ1964 ሂዩ ሃክስሊ ፌሪቲን የተባለ ፕሮቲን ከእንቁራሪት ክር ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ጨምሮ ቱቦዎቹ ውስጥ አገኘው፤ የቱቦው አፍ ወደ ውጭ ክፍት መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው። ስፋቱም ቀላል አይደለም፦ ፒቺ በ1965 እንደለካው፣ ቱቦዎቹ ከ100 ማይክሮ ሜትር ክር ይዘት 0.3 በመቶ ብቻ ይይዛሉ፣ የግድግዳቸው ስፋት ግን የክሩን ላይኛ ሽፋን 7 እጥፍ ያህል ይሆናል።

ሞዴሉን በማይክሮስኮፕ ወዳያችሁት በሬ መቀየር ከፈለጋችሁ፣ ቱቦውን ከመጋጠሚያው አንሡና በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ሁለት ሁለት አድርጉ፤ አጥቢ እንስሳት ላይ ቱቦዎቹ ያሉት ጥቁሩና ነጣ ያለው መስመር በሚገናኙበት ድንበር ነው።