ቁልፉን በእጄ መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ
የእረፍት ቤቴን የተከራየችው አንዲት እናት ነበረች። የገቡት ግን አስራ ምናምን ታዳጊዎች፣ ብቻቸውን። በማግስቱ ስደርስ ምንጣፉ ላይ ሲጋራ ተተርኩሷል። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ዋና ገንዳው ዳር የተሰባበረው ጠርሙስ ነው። አንዱ ልጅ ቢወድቅበትስ?

አሁን እሺ ከማለቴ በፊት ደውዬ አወራለሁ። «ከእነማን ጋር ነው የሚመጡት? እርስዎ ራስዎ ያድራሉ?» መልሱ ከተድበሰበሰ አላከራይም። ውሉ ላይም ፈራሚው ከ25 ዓመት በላይ እንዲሆንና እዚያው እንዲያድር ጻፍኩ። መያዣ ገንዘብም ጨምሬያለሁ።

ዋናው መፍትሔ ግን ቁልፉ ነው። ሳጥን ውስጥ ማስቀመጡን ትቼ፣ መታወቂያ አይቼ በእጄ እሰጣለሁ። ልጁን ልኮ ራሱ የሚቀር ወላጅ እዚያው በር ላይ ይታወቃል። በቀደም አንድ አባት «እኔ አልመጣም፣ ልጆቹ ጨዋ ናቸው» አለኝ። ገንዘቡን መለስኩለት።