በሪሞት ለሚነዳ ፒክአፕ የጭቃ ጎማ እንዴት ይመረጣል?

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ መሃል ጭቃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለግንባታ የተቆፈረ ግቢ ወይም ኮብልስቶን ያልደረሰበት የሰፈር ውስጥ መንገድ ይበቃል። የሚያስቸግረው ከመኪናው ጋር የመጣው ጎማ ነው። ለአስፋልትም ለሣርም ለአሸዋም እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያለበት ቆሞ ይሽከረከራል። ጎማው በከተማችን በቀላሉ ስለማይገኝና ብዙዎቻችን ከውጭ በሚመጣ ሰው ስለምናስመጣው፣ ተሳስቶ መግዛት አንድ ክረምት ያሳልፋል።

በመጀመሪያ ልኩን እወቁ። ጎማ ላይ የሚጻፈው 1.9፣ 2.2 ወይም 2.8 የሚገጠምበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው፤ የጎማውን ቁመት አይናገርም። ቸርኬው አክስሉ ላይ የሚቀመጥበት ባለ ስድስት ጎን ማቀፊያ በአብዛኞቹ የ1/10 መኪኖች (የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ በሚያህሉት) 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በትልልቆቹ የ1/8 መኪኖች 17 ሚሊ ሜትር ነው። ቁመቱን ለመወሰን መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ መኪናውን ወደ ታች ጫን አድርጉና በጎማውና በቦዲው መካከል የቀረውን ክፍተት ለኩ።

ቀጥሎ የሚመጣው አፈሩ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህንን ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው አፈር ቀይ ነው፤ ወደ ቦሌና አቃቂ ስትወርዱ ጥቁሩ ዋልካ ይበዛል። መሃል ከተማው ላይ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ ለግንባታ የመጣ አሸዋና ገረጋንቲም ይደባለቅበታል። ስለዚህ የምትነዱበትን ቦታ አፈር በእጃችሁ ፈትኑት። እርጥቡን አፈር ቆንጠር አድርጋችሁ በሁለት መዳፋችሁ መካከል አድቦልቡሉት። እንደ ጧፍ ቀጥኖ ሳይቆረጥ ከረዘመ የሚጣበቅ ጭቃ ነው። ገና ሳይረዝም ከተፈረፈረ አሸዋ አለበት፤ እንዲህ ያለውን መሬት መካከለኛ ጥርስ ያለው ማንኛውም ጎማ ይወጣዋል።

ይህን ያወቅሁት ዋጋ ከፍዬ ነው። የመጀመሪያውን የጭቃ ጎማ የገዛሁት ጥርሱ ብዙ በመሆኑ ነበር፤ ጥርስ በበዛ ቁጥር መሬት የሚቆነጥጥ መስሎኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የተቆፈረ ግቢ ውስጥ ስሞክረው ፒክአፑ ሦስት ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። አንስቼ ሳየው ጥርሶቹ አይታዩም፤ ዋልካው በመካከላቸው ገብቶ አራቱም ጎማዎች እንደ ድንች ለስልሰዋል። ይወጣል ብዬ የሪሞቱን ፍጥነት መስጫ አጥብቄ ያዝኩ። ከዚያ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚመጥነው የፍጥነት መቆጣጠሪያም በዚያው ተቃጥሎ ቀረ። መኪናው ቆሞ ጎማው ብቻ ሲሽከረከር ካያችሁ ወዲያው እጃችሁን ከሪሞቱ አንሱ፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መኪናውን ማውጣት ጫማ ከማቆሸሽ አያልፍም።

የጭቃ ጎማ ዋና ሥራው የያዘውን ጭቃ መልሶ መጣል ነው። በ1/10 መኪና ጎማ ላይ እኔ የምለካው በትንሿ ጣቴ ነው፤ በሁለት ጥርሶች መካከል የጣቴ ጫፍ የማይገባ ከሆነ ለዋልካ አልገዛውም። ክፍተቱ ከመሃል ወደ ጎን ክፍት መሆን አለበት፤ ጭቃው መውጫ ካላገኘ ጥርሱ ቢረዝምም ጥቅም የለውም። በጣም የሚጣበቅ አፈር ላይ እንደ ትራክተር ጎማ በቀስት ቅርጽ የተደረደረ ጥርስ ይሻላል። ሲገጠም ከላይ ሲታይ የቀስቱ ጫፍ ወደ መኪናው ፊት ያመለክታል፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ጭቃውን ወደ መሃል ይሰበስበዋል።

የጎማውን ስፋትም ከጭቃው ሥር ባለው መሬት ወስኑ። በከተማችን ጭቃው ብዙውን ጊዜ ጥልቅ አይደለም፤ ከሥሩ ድንጋይ ወይም የተደለደለ ገረጋንቲ አለ። እዚያ ረጅምና ጠባብ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ይረግጣል። ሰፊው ጎማ መኪናውን በላዩ ስለሚያንሳፍፈው የሚያስፈልገው መጨረሻው በማይታወቅ ጭቃ ውስጥ ነው። ጎማው ለስላሳ ነው ተብሎ ሲወደስም አትቸኩሉ። ለስላሳ ጎማ ድንጋይ ላይ ግሩም ነው፤ ዋልካ ውስጥ ግን ጥርሱ ይታጠፋል። ጥርሱን በአውራ ጣት ገፋ ስታደርጉት ሥሩ ጸንቶ ጫፉ ብቻ የሚላወስ ከሆነ ውሰዱት።

በውስጡ ያለውን ስፖንጅም ጠይቁ። ተራው ስፖንጅ ውኃ ይመጥጣል፤ ጎማው ይከብዳል፣ ሲሽከረከርም መኪናውን ያንቀጠቅጠዋል። ውኃ የማይመጥጠው ዓይነት ዋጋው ቢወደድም ለክረምት እሱን እመርጣለሁ። ተራው ከሆነባችሁ የቸርኬውን ቀዳዳዎች ድፈኑና ጎማው መሬት በሚረግጥበት በኩል በጥርሶቹ መካከል ፊት ለፊት ትይዩ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብሱ። ጎማው ሲሽከረከር ውኃው ወደ ውጭ ስለሚገፋ በዚያ ይወጣል። በጋለ ሚስማር አትብሱት፤ ጠርዙ ይቃጠልና ከዚያ ይቀደዳል። ጫማ ሰፊ ዘንድ ያለው የቆዳ መብሻ ክብና ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣል።

ጎማውን ቸርኬው ላይ በሱፐር ግሉ አጣብቁት፤ ከዚያ በፊት ሁለቱንም በአልኮል ጥረጉ።

የመጨረሻው ማርሹ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ከነበረ ጎማ ወደ 120 ከተሻገራችሁ፣ መኪናው በእያንዳንዱ ዙር 20 በመቶ ስለሚርቅ ሞተሩ የሚሸከመው በዚያው ልክ ይጨምራል። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ማርሽ 15 ጥርስ ከነበረች ወደ 12 ወይም 13 አውርዷት። ከዚያ አምስት ደቂቃ ነድታችሁ አቁሙና ሞተሩን ንኩት። ጣታችሁ ሦስት ሰከንድ መቆየት ካቃተው እስኪበርድ ጠብቁ፤ ከመቀጠላችሁ በፊትም ከማርሿ አንድ ጥርስ ቀንሱ።