ዓለም ይፈልገናል፣ ግን አይሰማንም፦ የሞርስ ውድድር ችግርና መፍትሄ ለድሬና ለሐረር

ኅዳር ጽዮን ሲቃረብ አማተር ራዲዮ (ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር የሚሠራ የራዲዮ ግንኙነት) የለከፈው ሰው እንቅልፍ የለውም። በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ፣ ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚባለው ትልቁ የሞርስ ውድድር ነዋ። 48 ሰዓት ሙሉ፣ በስድስት ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል)፣ የቻለ የቻለውን ያህል አገርና ቀጠና (ዓለም ለውድድሩ የተከፈለችበት ክፍል) ይለቅማል። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ሲግናል ደግሞ ብርቅ ነው። አውሮፓ ያለው ሰው በጎረቤቶቹ ጩኸት ተውጦ ሲለፋ፣ ከድሬ አንዴ "ሲኪው" (የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ) ያለ ሰው ወዲያው ይከበባል። መከበብ ነበረበት ማለቴ ነው። ሳይከበብ ሲቀር ብዙዎች ዋት፣ ማለትም የራዲዮውን ጉልበት፣ ይወቅሳሉ። እኔ ዋትን የምጠረጥረው በመጨረሻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ላለው ሰው ነው። የሌለው በማዳመጥ ይለማመድ፤ የሞርስ መምቻ ቁልፉን ግን አይንካ።

እጠራዋለሁ፣ እሱ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ይቀጥላል

እናንተ ጥርት አድርጋችሁ ትሰሙታላችሁ። ትጠሩታላችሁ። እሱ በላያችሁ ላይ "ሲኪው" ማለቱን ይቀጥላል። ንቀት እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሲግናላችሁ የወደቀው ሌላ ቦታ ነው።

አር አይ ቲ የሚባለው ማዞሪያ የሚቀይረው የምትሰሙበትን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው። የምታስተላልፉበት ባለበት ይቆያል። ቀደም ሲል ካነጋገራችሁት ጣቢያ ላይ በርቶ ከቀረ፣ ጆሯችሁ ሰውየው ጋ ነው፣ ሲግናላችሁ ግን 300 ኸርዝ ያህል ርቆ ይወጣል። ማዶ ያለው ሰው ደግሞ በውድድር ሰዓት ፊልተሩን እስከ 500፣ አንዳንዴም እስከ 250 ኸርዝ አጥብቦ ነው የሚቀመጠው። ለእሱ እናንተ የላችሁም።

መጀመሪያ አር አይ ቲን ወደ ዜሮ መልሱ። ቀጥሎ ስፕሊት (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሰምቶ በሌላ ማስተላለፍ) እንዳልበራ እዩ። ከዚያ የሰውየውን ድምፅ ከራሳችሁ ሳይድቶን (ስትመቱ ራዲዮው ለራሳችሁ የሚያሰማው ቃና) ጋር አመሳስሉት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቃና ሲሰጡ አንድ ቦታ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ራዲዮው "ስፖት" የሚል ቁልፍ ካለው ለዚሁ ነው የተሠራው።

ሁሉም ልክ ሆኖ አውሮፓ ዝም ካላችሁ፣ የውድድሩን ደንብ እዩ። ፌብሩዋሪ ላይ ያለው የአሜሪካው ኤአርአርኤል ውድድር ላይ እኛ ነጥብ የምናገኘው ከአሜሪካና ከካናዳ ብቻ ነው። ጀርመኑም የሚፈልገው እነሱን ነው። እናንተን ቢዘጋ አይፈረድበትም።

ከኢትዮጵያ ነኝ ስል ቶንጋ ያደርጉኛል

ይሄኛው የእኛው የግላችን ችግር ነው። ሌላ አገር ያለ መምህር አይነግራችሁም።

የጥሪ ምልክታችን በ"ኢ" እና በ"ቲ" ይጀምራል። በሞርስ "ኢ" አንድ ነጥብ ነው፣ "ቲ" አንድ ሰረዝ። ነጥብና ሰረዝ ተጠጋግተው ሲመጡ ግን "ኤ" የሚባለው ፊደል ነው። ስለዚህ በ"ኢቲ3" የሚጀምር ምልክት ክፍተቱ ከጠበበ "ኤ3" ሆኖ ይደመጣል። "ኤ3" ደግሞ የቶንጋ ነው፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል። ሰሚው ግራ ይገባዋል። "እንደገና በል" ይላል። እናንተ ትደግማላችሁ፣ ያንኑ አጥብባችሁ። እንዲህ ስትባባሉ ሌላ ሦስት ሰው ሊያዝበት የሚችል ጊዜ አለቀ።

ልኩ ይታወቃል። ሰረዝ የነጥብ ሦስት እጥፍ ነው። በፊደል ውስጥ ያለው ክፍተት አንድ ነጥብ፣ በሁለት ፊደላት መካከል ሦስት ነጥብ፣ በቃላት መካከል ሰባት ነጥብ። በደቂቃ 25 ቃል ስትመቱ አንድ ነጥብ 48 ሚሊሰከንድ ነው። በ"ኢ" እና በ"ቲ" መካከል መኖር ያለበት ዝምታ እንግዲህ 144 ሚሊሰከንድ ነው። ፍጥነቱን ወደ 35 ስታወጡት ይሄ ዝምታ ከ103 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ ያደረ እጅ ይህችን ክፍተት ነው መጀመሪያ የሚበላት።

ስለዚህ የጥሪ ምልክታችሁን በእጅ አትምቱ። ኪየሩ (ነጥብና ሰረዝ ራሱ የሚሠራው መሣሪያ) ወይም የሎግ ፕሮግራሙ (ግንኙነቶችን የሚመዘግበው) ይምታላችሁ። በፓድል (ከኪየሩ ጋር የሚያያዘው የእጅ መምቻ) የግድ ከሆነ፣ ብዙ ኤሌክትሮኒክ ኪየሮች ላይ የፊደል ክፍተትን ራሱ የሚጠብቅ ሴቲንግ አለ፤ አብሩት። አንዳንድ የሎግ ፕሮግራም ግማሽ ክፍተት የሚጨምር ምልክት አለው። እሷን "ኢ" እና "ቲ" መሀል ብትከቱ ማንም አይከሳችሁም።

ፈተናው ቀላል ነው። ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት ጥቂት ጊዜ "ሲኪው" በሉና ሪቨርስ ቢከን ኔትዎርክ ላይ ራሳችሁን ፈልጉ። በየአገሩ የተተከሉ አውቶማቲክ መቀበያዎች የሰሙትን ምልክት፣ ፍጥነቱንና ጥንካሬውን ይጽፋሉ። ማሽን ማንንም አያባብልም። እዚያ ላይ የጥሪ ምልክታችሁ ተበላሽቶ ከወጣ ወይም ጭራሹን ካልወጣ፣ አንቴና ከመነካካት በፊት ክፍተቱን አስተካክሉ።

ሁሉም በአንድ ላይ ይጮሃል፣ አንድም ሰው መለየት አልቻልኩም

ይሄ የደስ ደስ ችግር ነው። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ፍሪኩዌንሲያችሁን ይለጥፋል። ያየ ሁሉ ማውሱን ጠቅ ያደርጋል። ኮምፒውተር ስለሆነ የሚያመጣቸው ሁሉም አንድ ኸርዝ ሳይዛነፉ አንድ ቦታ ያርፋሉ። እናንተ የምትሰሙት ሞርስ ሳይሆን አንድ ረጅም "ዱዱዱ" ነው።

መጀመሪያ የአር ኤፍ ጌይኑን (የመቀበያውን ጉልበት) ዝቅ አድርጉ፣ የሚገባውን ሲግናል የሚያዳክመውን አቴኑዌተርም አብሩ። ብዙ ሰው ድምፅ ይጨምራል፤ ተቃራኒው ነው የሚረዳው። ድምፁ ሲቀንስ ጠንካራውና ደካማው ይለያያሉ። ቀጥሎ አር አይ ቲን 100 ወይም 200 ኸርዝ ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። ብልጥ ደዋይ ሁልጊዜ ከመንጋው ፈንጠር ብሎ ነው የሚጠራው፤ እሱን ታገኙታላችሁ። ጨርሳችሁ ማዞሪያውን መመለስ እንዳትረሱ ብቻ።

ሁለት ፊደል ከያዛችሁ ይበቃል። "ዲኤል" (የጀርመን ምልክት መጀመሪያ) ሰማችሁ? "ዲኤል" ብላችሁ ጥያቄ ምልክት ጨምሩና ዝም በሉ። ሌሎቹ ይጮሃሉ። አትስሟቸው። ከ"ዲኤል" ጋር ጨርሱ። አንዴ ለጯሂ ከተሸነፋችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጯሂው ነው የሚገዛችሁ። "5ኤንኤን 37" (የሲግናል ሪፖርት 599 ባጭሩ፣ ከዚያ ቀጠናችሁ) ትሰጡታላችሁ፣ እሱም ይሰጣችኋል፣ "ቲዩ" (አመሰግናለሁ) ብላችሁ የራሳችሁን ምልክት ትመታላችሁ። በየግንኙነቱ መጨረሻ ምልክትን መምታት ጊዜ ማባከን የሚመስለው አለ። ማን መሆናችሁን ያላወቀ ሰው ግን ቆሞ "ማነህ?" ሲል ሌላውን ሁሉ ያውካል።

በነገራችን ላይ፣ 37 የእኛ የሲኪው ቀጠና ነው። ጅቡቲም፣ ኬንያም እዚሁ ናቸው። ጁላይ ላይ ባለው የአይኤአርዩ (የዓለም አማተሮች ኅብረት) ውድድር ግን የሚሰጠው የአይቲዩ (የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት) ቀጠና ነው፤ እሱ ለእኛ 48 ነው። ሜሞሪው ውስጥ የአምናው ቁጥር ተቀምጦ ከሆነ ቀይሩት።

ጃፓን ይሰማኛል፣ ሐረር ያለው ጓደኛዬ አይሰማኝም

ድሬ ላይ ሆናችሁ በ21 ሜጋኸርዝ ቶኪዮን ታወራላችሁ፣ ደንገጎን ወጥቶ ያለው ሐረሬ ግን የለም። ራዲዮው አልተበላሸም። በዚህ ባንድ ሲግናሉ ሰማይ ነክቶ የሚመለሰው ሩቅ አገር ላይ ነው፤ ሐረርን ከላይ ዘሎ ያልፋታል። በምድር እንዳይሄድ ደግሞ ተራራው ቆሟል። ቀን በ7፣ ሲመሽ በ3.5 ሜጋኸርዝ ተቀጣጠሩ። ለዚህስ ዝቅ ያለ አንቴና እንዲያውም ይሻላል፤ ሲግናሉን ሽቅብ ወርውሮ አናታችሁ ላይ ይመልሰዋል።

በሲኪው ወርልድ ዋይድ የዚህ ግንኙነት ውጤት ዜሮ ነው፤ የአንድ አገር ሰዎች ናችሁና። ግን ኢትዮጵያንና ቀጠና 37ን በየባንዱ ማባዣ (ጠቅላላ ውጤታችሁ የሚባዛበት) አድርጎ ይሰጣችኋል። በሳንቲም አትናቁት።

ሜትሩ ያለ ሲግናል ኤስ 7 ላይ ቆሟል

ድሬ ላይ ይሄ፣ ማለትም የሲግናል ጥንካሬ መለኪያው (ኤስ ሜትሩ) በጫጫታ ብቻ ከፍ ብሎ መቆሙ፣ የተለመደ ነው። ራዲዮውን በባትሪ አድርጉና የቤቱን ብሬከር አውርዱ። ጫጫታው ከወረደ ጠላት ቤት ውስጥ ነው። አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ፈልጉ። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ የዋይፋይ አዳፕተር፣ የሶላር ኮንትሮለር። ከድሬው ታይዋን ገበያ በርካሽ የተገዛችው ቻርጀር በእኔ ዝርዝር ሁልጊዜ አንደኛ ናት። ጥፋተኛውን ንቀሉት፤ ለሁለት ቀን ስልክ በሌላ ነገር ይሞላል። ብሬከሩ ወርዶም ጫጫታው ካለ ከጎረቤት ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኤኤም ራዲዮ ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ፤ የሚጮህበት አቅጣጫ ይነግራችኋል። ከዚያ ጎረቤትን በቡና ነው።

"ተክ ተክ ተክ" እያለ መጥቶ የሚሄደው ባጃጅ ነው። ኖይዝ ብላንከር ይገድለዋል። ባጃጁ ሲያልፍ ግን አጥፉት፤ ባንዱ በጠንካራ ሲግናል ሲሞላ ብላንከሩ ራሱ ድምፅ ያበላሻል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትበሳጩ። ሰፈሩ በሙሉ ዝም ሲል ደካማው ሁሉ ብቅ ይላል። ባትሪ ያለው ሰው ምርጡን ሰዓት ያገኘው ያኔ ነው። የ100 ዋት ራዲዮ ሲያዳምጥ ወደ 1 አምፔር፣ ቁልፍ ሲጫን ወደ 20 አምፔር ይጎትታል። ወደ 50 ዋት አውርዱት። ማዶ ላይ የሚቀንሰው የአንድ ኤስ ግማሽ ብቻ ነው፤ ባትሪው ግን እስኪነጋ ይቆያል።

ጥቃቅኖቹ

ፓድሉ ነጥብ ይውጣል ወይም ይጨምራል፦ አቧራ ነው። ንጹህ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጣችሁ በሁለቱ ኮንታክት መሀል ጎትቱ። ዋት ሲጨምር ብቻ የሚያብድ ከሆነ ግን ሲግናሉ በኬብል ወደ ኪየሩ እየተመለሰ ነው፤ የፓድሉንና የዩኤስቢውን ገመድ ፌራይት (ጣልቃ ገብ ሲግናል የሚያፍን ቀለበት) ላይ ጠምጥሙ።

ኤስ ደብሊው አሩ (አንቴናው ከራዲዮው ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚለካው) ድንገት ከፍ አለ፦ ሽቦው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተኝቶ እንዳይሆን። ለ7 ሜጋኸርዝ ዳይፖል ጠቅላላ ርዝመቱ 20.3 ሜትር አካባቢ ነው፤ በ21 ሜጋኸርዝም ያገለግላል። ጀጎል ውስጥ ግቢ ጠባብ ነው፤ መሀሉን ከፍ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ ታች አውርዱ። ድሬ ላይ ደግሞ ተራራው በደቡብ ስለሆነ ወደ አውሮፓ፣ አሜሪካና ጃፓን ያለው አቅጣጫ ክፍት ነው፤ አትማረሩ።

ሎጌ ከሌሎች ሎግ ጋር አልገጠመም

ሰዓት ነው። ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሚጀምረው ቅዳሜ 0000 ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) ነው። በእኛ አቆጣጠር ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። የሚያልቀውም ለሰኞ አጥቢያ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል። ጠዋት 3 ሰዓት 0600 ነው፣ ማታ 1 ሰዓት 1600። ሰው የሚሳሳተው ግን ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ነው። የስልኩ ቀን ተቀይሯል፤ የዩቲሲ ቀን ግን ገና ትናንት ነው። መፍትሄው በጭንቅላት አለማስላት ነው። ኮምፒውተሩን ከውድድሩ በፊት በኢንተርኔት አስተካክሉት፣ ሎጉ በዩቲሲ ይሂድ። ቀኑም የፈረንጅ ይሁን።

ሲያልቅ የሎጉን ፋይል በካብሪሎ (የውድድር ሎግ መላኪያ) ፎርማት በ5 ቀን ውስጥ ላኩ። ያጠራጠራችሁ የጥሪ ምልክት ካለ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ እንዳታርሙት፤ ደንቡ ይከለክላል። የተሳሳተ ምልክት ይሰረዛል፣ ቅጣትም አለው፣ ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ ሰውየው ገና ፍሪኩዌንሲው ላይ እያለ ነው።