ያልተመለሱትን ቁጠሩ፦ የፓይለቶችን "መትቼ ጣልኩ" እንዴት ማጣራት ይቻላል?

አባቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ግቢ መካኒክ ነበር። "ስንት እንደጣሉ ፓይለቶቹን ጠይቅ፤ ስንት እንዳልተመለሱ ግን እኔን ጠይቀኝ" ይለኝ ነበር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። ማታ ማታ ግን የአየር ውጊያ መዝገብ አገላብጣለሁ። ሥራው ያው ማስታረቅ ነው። አንዱ ወገን ጣልኩ ያለውን ሌላው ጠፋብኝ ካለው ጋር ታስታርቃላችሁ።

ለጀማሪ የምመክረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940ን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንና አካባቢዋ ላይ የተዋጉበት ቀን ነው። እንግሊዞች በዚያው ቀን 185 የጀርመን አውሮፕላን ጣልን ብለው አወጁ። በጀርመኖቹ መዝገብ የጠፋው ግን 60 ገደማ ነው። ፓይለቶቹ ዋሽተው ነው? በፍጹም።

ከድምሩ አትጀምሩ። ከአንድ አውሮፕላን ጀምሩ። የፓይለቶቹ የውጊያ ሪፖርት ለንደን ውስጥ ኪው በሚባል ሠፈር ባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ "ኤአይአር 50" በሚባለው መደብ ይገኛል። የስኳድሮኖቹ (የተዋጊ አውሮፕላን ጓዶቹ) የዕለት መዝገብ ደግሞ "ኤአይአር 27" ነው። ከሁለቱም ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የአውሮፕላኑን ዓይነት አውጥታችሁ በሠንጠረዥ አስቀምጡ።

ከዚያ ሰዓቱን አስተካክሉ። በዚያ ወቅት የጀርመኖቹ ሰዓት ከእንግሊዞቹ በአንድ ሰዓት ይቀድም ነበር። ይህን የረሳ ሰው የአንድ ውጊያ ሁለት ወገኖችን ሁለት የተለያየ ውጊያ ያደርጋቸዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ለፈረንጅ 9 መሆኑን እያሰላን ላደግን ለእኛ ይሄ አይከብድም።

አሁን ወደ ጀርመኖቹ የኪሳራ መዝገብ እንሂድ። ክፍሉ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና የፋብሪካ ቁጥር፣ ጉዳቱ በመቶኛ፣ የበረራ ሠራተኞቹ ስምና የደረሰባቸው ነገር ይጻፍበታል። ጉዳቱ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ አውሮፕላኑ እንደጠፋ ቁጠሩት። እኔ ይህን መዝገብ የማምነው ለጋዜጣ ስላልተጻፈ ነው። ምትክ አውሮፕላን የሚጠየቀው በእሱ ነው። ኪሳራውን የደበቀ ክፍል ምትክ አያገኝም። ደግሞም የቀጣዮቹን ሳምንታት ገጾች ሳታዩ አትዝጉት፤ ዘግይቶ የገባና የታረመ አለ።

ትልቁ ወጥመድ መደራረብ ነው። በዚያ ቀን እኩለ ቀን አካባቢ አንድ ዶርኒየር 17 የተባለ የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለንደን ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ ወደቀ። የ504ኛው ስኳድሮን ፓይለት ሬይ ሆልምስ ሀሪኬን በተባለው ተዋጊ አውሮፕላኑ ገጭቶ ጭራውን ቆርጦታል። ሆልምስ ከመድረሱ በፊት ግን ሌሎችም ተፈራርቀው መትተውታል። የዶርኒየሩ አብራሪ ሮበርት ዜቤ ቀድሞ በፓራሹት ወርዷል። መጀመሪያ ስሠራው ይህን አንዱን ዶርኒየር ሦስት አድርጌ ቆጠርኩት። ሦስት ሪፖርት፣ ሦስት ፊርማ፣ ሦስት ሐቀኛ ሰው። ያቃናኝ የአውሮፕላኑ መለያ ነው፤ ኤፍ1 ኤፍኤች የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመለያው ወደ ፓይለቶቹ ሂዱ።

ጭስም ያሳስታል። ሜሰርሽሚት 109 የተባለው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ሞተሩን በሙሉ ኃይል ከፍቶ ቁልቁል ሲወርድ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከኋላ ላለው ፓይለት የተመታ ይመስለዋል። ተከትሎ እንዳያረጋግጥ ደግሞ ሌላ ጠላት ከጀርባው አለ። "እየጨሰ ደመና ውስጥ ገባ" የሚል ሪፖርት ካያችሁ፣ ከእሱ ጋር የሚገጥም ኪሳራ በመዝገብ እስክታገኙ በእርሳስ ያዙት።

በመጨረሻ በተቃራኒው ፈትሹ። ማንም ጣልኩ ያላለው ኪሳራ አለ? ፀረ አውሮፕላን መትቶት፣ ነዳጅ አልቆበት ወይም ሲያርፍ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። በሠንጠረዡ ዳር የምጽፈው ሦስት ቃል ነው፦ "ተረጋገጠ"፣ "የጋራ"፣ "አልተገኘም"። "አልተገኘም" ማለት ዋሸ ማለት አይደለም። ይህን ፓይለቱ ለቤተሰቡ ያወራውን ለሚያጣራ ሰው ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

አሁን በዚሁ መንገድ የአባቴን የኦጋዴን ጦርነት ማስታወሻ ይዣለሁ። ከሐምሌ 1969 ይጀምራል። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በእኛ ነው፤ ሁለቱንም ወደ ፈረንጁ እየመለስኩ ነው። የሶማሊያ ሚጎች ዓምድ ገና ባዶ ነው። መጀመሪያ የሞላሁት ከእኛ ኤፍ-5ዎች ያልተመለሱትን ነው፤ አባቴ በቀይ እስክሪብቶ ከስራቸው አስምሮባቸዋል።