ከሶፍትዌሩ በፊት፦ ጀማሪ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎችን ስናሰለጥን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ላይ አንድ የማስተርስ ተማሪን ስለ ቴሲሱ ብታወሩት ቶሎ የሚያነሳላችሁ ዳታ የሚተነተንበትን ሶፍትዌር፣ ኤስፒኤስኤስን ነው። አይፈረድበትም፤ እኛም ሥልጠናውን ከዚያው ነው የምንጀምርለት። የሥነ ምግብና የሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብን የሚጠቀምበት ሂደት) ጥናት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ኮምፒውተሩ ሳይከፈት በፊት ነው።

የጋራ ትሪን መርሳት

ትናንት ምን እንደተበላ የሚጠይቀው የ24 ሰዓት ቃለ መጠይቅ የተሠራው ሰው ለየብቻ በሳህን በሚበላበት አገር ነው። እዚህ እናት ከልጆቿ ጋር ከአንድ ትሪ ትቆርሳለች፣ መሀል ላይ ታጎርሳለች፣ የተረፈውን ማታ ትበላለች። «ስንት እንጀራ በሉ?» ስትባል «አንድ» ትላለች። ቅጹ ይሞላል፤ ቁጥሩ ግን የማንም አይደለም። ሰልጣኙ መጀመሪያ ሚዛን ይዞ ሰው ቤት ይዋል። ምግብ ሲቀርብም ሲነሳም ይመዝን።

ቆጮ ላይ ደግሞ ይብሳል። እርጥበቱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ያልተጋገረውን ከተጋገረው ጋር እንደ አንድ ቆጥሮ ከምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ላይ ካሎሪ መውሰድ ስሌቱን ገደል ይከተዋል። ቀኑም ይታይ። ረቡዕና አርብ ብቻ የተጠየቀ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወተትና እንቁላል የማያውቅ ይመስላል።

ደሙን ቀድቶ ማስቀመጥ

በቱቦ ያለ ደም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሴሎቹ ስኳሩን መብላት ይቀጥላሉ፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ላብራቶሪ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት የፈጀ ናሙና የስኳር ሕመምተኛውን ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። ስኳሩ እንዳይበላ ተብሎ ፍሎራይድ የተጨመረበት ቱቦም ቢሆን ወዲያው አያቆመውም።

ይህን በስላይድ ከማስተማር ይልቅ ማሳየት ይሻላል። ሰልጣኙ ፈቃደኛ ከሆነ ሰው የአንድ ጊዜ ደም በሦስት ቱቦ ይቅዳ። አንዱን ወዲያው ሴንትሪፊዩጅ ያድርግ (በማሽን አሽከርክሮ ሴሎቹን ይለይ)፣ ሌላውን ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከአራት ሰዓት በኋላ። ውጤቱን ራሱ ካየ በኋላ ማንም «በረዶ ያዝ» ብሎ መጮህ አያስፈልገውም።

አንድ ቁጥር አይቶ መፍረድ

ፌሪቲን የሚባለው በደም የሚለካ ፕሮቲን በሰውነት ያለውን የብረት ክምችት ያሳያል፤ ነገር ግን ኢንፌክሽን ሲኖር ከፍ ይላል። ወባ የያዘው ልጅ ብረት የሞላው ይመስላል። ስለዚህ ሲአርፒ (ኢንፌክሽንና ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ፕሮቲን) አብሮ ይለካ። ሐዋሳ ራሷ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ሄሞግሎቢንን (ኦክስጅን ተሸካሚውን የደም ፕሮቲን) ከፍ ስለሚያደርግ፣ ለከፍታ ሳያስተካክሉ በቆላ መለኪያ መፍረድ የደም ማነስን ይደብቃል።

ቁመትን እንደ ቀላል ማየት

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ ይለካል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ። የሁለቱ አለካክ ልዩነት 0.7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ማታ ማታ ቅጾቹን አገላብጡ። ቁጥሮቹ ሁሉ በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ከሆነ አንድ ሰው እየገመተ ነው።

የተሳሳተን መቆጣት

ለእኔ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። «ቱቦው ወደቀብኝ» ያለ ልጅ ሰው ፊት ከተሰደበ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን ከጭንቅላቱ ይጽፈዋል። የጎደለ ዳታን ስታቲስቲክስ ይችለዋል፤ የተፈጠረን ዳታ ግን ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። የወደቀ፣ የፈሰሰ፣ የዘገየ ሁሉ የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር፤ አማካሪውም የራሱን ይጻፍበት።

የናሙናውን ፍሪዘር ለጥበቃ ሠራተኛው መተው

መብራት ቅዳሜ ማታ ሲጠፋ ማን እንደሚደወልለት ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ይወሰን። ስሙና ስልኩ በሩ ላይ ይለጠፍ።